በቀን ሦስት ሊትር፦ ባሕርን ሳሎን ውስጥ ስለማኖር

በአፋር፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የዳናኪል የጨው ሜዳ ዳርቻ፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ኮራል አለ። ከመቶ ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ይገባ ነበር፤ ኮራሉም ለብ ባለው ጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ ይበቅል ነበር። ኋላ ባሕሩ ሸሸ፣ መግቢያውም ተዘጋ። ተቆርጦ የቀረውን ውሃ ፀሐይ ጨረሰችው። ጨው ግን አይተንምና ባለበት ቀረ። ዛሬ ግመል የሚጫነው አሞሌ የሚፈለጠው ከዚያ ሜዳ ነው።

ይህን የማነሳው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ያለው የመስታወት ገንዳ ትንሽ ዳናኪል ስለሆነ ነው። 200 ሊትር የጨው ውሃ ይይዛል፤ መግቢያም መውጫም የሌለው ቁራጭ ባሕር ነው። በየቀኑ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በየቀኑ ሦስት ሊትር ጨው የሌለው ውሃ ካልመለስኩለት ኮራሎቼ የእነዚያን የአፋር ኮራሎች መንገድ ይከተላሉ፤ የሚለያቸው ጊዜው ብቻ ነው።

ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። ከዚያ የተነሳ ይሆናል አኳሪየምን የማየው እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ ነው። ባሕር ውስጥ ዓሣ የጣለው ቆሻሻ ወዲያው ተጠርጎ ይሄዳል፤ ኮራል የወሰደው ማዕድንም ወዲያው ይተካል። ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ሂሳቡን የሚጠይቅ የለም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን ያስገባችሁት ነገር ሁሉ እናንተው እስክታወጡት ድረስ ይቀመጣል፤ ያለቀውም እናንተው እስክትተኩት ድረስ ይጎድላል። ብዙ ጀማሪ ሐሳቡንና ገንዘቡን የሚያፈስሰው በዓሣው ላይ ነው። ከሁሉ ቀላሉ ግን ዓሣው ነው።

ደባል ያለው እንስሳ

ኮራል እንስሳ ነው። ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ለረጅም ዘመን ሰው ዕፅ ነው ብሎ አምኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ የማርሴይ ሐኪሙ ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የኮራል አበባ የሚባለው ነገር እንስሳ መሆኑን ሲያመለክት የፓሪስ ሊቃውንት ሊቀበሉት አልፈለጉም። አፍንጫችሁን ከመስታወቱ አስጠግታችሁ ብታዩት ነገሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንዳንዴ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ አንዳንዴ ሳንቲም የሚያህል ከረጢት ነው። አንድ አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ጣት የመሰሉ እጆች። ፖሊፕ ይባላል። ማታ መብራት ሲጠፋ እጆቹን ዘርግቶ በአጠገቡ የሚያልፈውን ጥቃቅን ፍጥረት ያጠምዳል።

ዋናው ቀለቡ ግን ከዚያ አይመጣም። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ በደባልነት ይኖራል። ደባሉ ብርሃን ሲያገኝ እንደማንኛውም ተክል ስኳር ይሠራል፤ ከሚሠራውም አብዛኛውን ለቤቱ ባለቤት ኪራይ ይከፍላል። ኮራል መብራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ደባሉ ይባረራል፣ ኮራሉም ነጥቶ ይቀራል። በዓለም ባሕሮች ላይ የደረሰው የኮራል መንጣት ይኸው ነው፤ አንድ ማሞቂያ ቢበላሽና ሳያጠፋ ቢያድር ሳሎን ውስጥም ይደርሳል። ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀንና ሌሊት አለመዋዠቁ ነው።

ሁሉም ኮራል እኩል አያስቸግርም። ድንጋይ የማይሠሩት ለስላሳዎቹ፣ እንጉዳይ የሚመስሉትና ቆዳ የሚመስሉት፣ የጀማሪን ስህተት ይችላሉ። ሥጋቸው ወፍራም የሆኑት ባለ ድንጋይ ኮራሎች ይከተላሉ። ቅርንጫፋም የሆኑት፣ በፎቶግራፍ ላይ የምናደንቃቸው ባለ ጥቃቅን ፖሊፖች፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆዩ። እኔ በአምስተኛው ወር ገዝቼ በስድስተኛው ጥያለሁ።

ውሃና ጨው

የቧንቧ ውሃ ለእኛ ይጠጣል፣ ለእነሱ አይሆንም። ክሎሪን አለበት፤ በብዙ ከተማ ፎስፌትና ናይትሬት አለበት፤ ከአሮጌ ቧንቧ ደግሞ መዳብ ይጨመርበታል። ሰውን የማይጎዳ የመዳብ መጠን ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ስለዚህ ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልፍና በመጨረሻ የቀረውን ማዕድን በሚለቅም ሙጫ መሰል እንክብል ውስጥ ይጣራል። በውሃው ውስጥ የተሟሟውን ነገር የሚለካ እስክርቢቶ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። ሦስትና አራት ማንበብ ሲጀምር ማጣሪያው ይቀየራል። በዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው በኋላ በአልጌ ይከፍላል።

ጨዉ በሊትር 35 ግራም ነው። ለ200 ሊትር ሰባት ኪሎ ማለት ነው፤ የሚሸጠው ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ትንሽ ይጨምራል። አንድ ወዳጄ «አሞሌ አስመጣና ፍጨው» ብሎኛል፤ ቀልዱን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የወጥ ቤት ጨውም አሞሌም በዋነኛነት አንድ ነገር፣ ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው። የባሕር ውሃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ቢካርቦኔትም በየመጠናቸው አሉት። ባሕር ሲደርቅ ደግሞ እነዚህ እኩል አይረጉም፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ዳሎል ላይ ፖታሹና ጨዉ በየንብርብራቸው ተለያይተው የተኙት ለዚህ ነው። ከአንዱ ንብርብር ላይ የተፈለጠ ጨው ተመልሶ ባሕር አይሆንም። ለአኳሪየም ተብሎ ተመጥኖ የተዘጋጀውን መግዛት ግድ ነው።

ጨዉ የሚበጠበጠው በተለየ በርሜል ውስጥ፣ በፓምፕ እየተንቀሳቀሰና እየሞቀ፣ አንድ ቀን ያህል ነው። ጨዉ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በጨዉ ክምር ላይ አይፈስስም፤ እንዲያ ከሆነ ካልሲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ በርሜሉ ሥር ይቀራል። ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ሬፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ የእጅ ባትሪ የሚያህል ቱቦ ነው። በጫፉ ባለው መስታወት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ትገጥሙታላችሁ፤ ወደ መስኮት አዙራችሁ በአንድ ዓይን ትመለከታላችሁ። ላዩ ሰማያዊ፣ ታቹ ነጭ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር 35 ላይ ማረፍ አለበት። መሣሪያው ራሱ መዋሸት ስለሚችል ጨውነቱ 35 መሆኑ በታወቀ ፈሳሽ አልፎ አልፎ ይስተካከላል። በባዶ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል አይበቃም፤ ዜሮ ላይ እውነተኛ የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላልና።

የሦስት ሊትሩን ነገር የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ ለአሥር ቀን አዲስ አበባ ስሄድ ገንዳውን ለእህቴ ልጅ አደራ ሰጠሁ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ የታዘዘውን የማያጓድል ልጅ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ነበሩኝ። በአንዱ የተጣራው ጨው አልባ ውሃ፣ በሌላው ለቅያሪ የተበጠበጠው የጨው ውሃ ነበር። «በየቀኑ ሦስት ሊትር ጨምር» አልኩት። ከየትኛው በርሜል እንደሆነ ነግሬዋለሁ ባይ ነኝ፤ እሱ ደግሞ አልነገርከኝም ይላል። ያም ሆነ ይህ ልጁ አንድም ቀን ሳያስታጉል ከተሳሳተው በርሜል ቀዳ።

ሂሳቡን እንሥራው። ሦስት ሊትር በ35 ግራም ሲባዛ በቀን 105 ግራም ጨው ነው፤ በአሥር ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ። በ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር አምስት ግራም ጨመረ ማለት ነው። ስመለስ መስመሩ 40 ላይ ነበር፤ ይኸውም የሰሜናዊው ቀይ ባሕር ጨውነት ነው። የሚገርመው ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ኮራሎቹ ተኮማትረዋል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ሥር ተሰብስበዋል፤ ግን በቀን ግማሽ ግራም እያለ ስለመጣባቸው ችለውት ነበር። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ከአውሮፕላን እንደወረድኩ፣ ቦርሳዬን ሳልፈታ፣ 25 ሊትር ቀድቼ ጣልኩና በምትኩ 25 ሊትር ጨው አልባ ውሃ ደፋሁበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 35 ወረደ፤ እኔም ተደሰትኩ። ማታውኑ ሁለቱ ሽሪምፖች ተገልብጠው ተገኙ። በማግስቱ አምስት ቀንድ አውጣ ለቀምኩ። ቆዳ መሰሉ ኮራል ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ቆየ። የቀይ ባሕር ፍጥረት ዕድሜውን ሙሉ በ40 ይኖራል፤ የጎዳቸው 40 መሆኑ ሳይሆን በአንድ ሰዓት አምስት ግራም መውረዱ ነው። ልጁ «አጎቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

አሁን አንደኛው በርሜል ነጭ ነው። የሚተነውን ውሃ የሚተካውም ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ የውሃው ከፍታ በጣት ውፍረት ሲወርድ ራሱ ይሞላል። ከመብራቱም ከማጣሪያውም በፊት ይህ ይገዛ እላለሁ።

ከጎረቤት እርሾ መበደር

ገንዳው በውሃ ከተሞላ በኋላ የሚመጣው ክፍል መጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የዓሣ ዓይነ ምድርና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8.2 የሚጠጋ ስለሆነ ደግሞ ከወንዝ ውሃ ይልቅ በዚህ ይከፋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያደርገዋል። ይህም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ማንንም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ከመንሳፈፍ ይልቅ በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ መለጠፍ ይመርጣሉ። በአኳሪየም ውስጥ የምታዩት የድንጋይ ክምር እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው ከባሕር ካወጣው ሕያው ዐለትና ከአየር አረፋ በቀር ሌላ ማጣሪያ ሳይኖረው ዓሣና ኮራል እንዴት እንደሚያኖር ገልጾ ጽፏል። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

ባክቴሪያው ተራብቶ እስኪበቃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ባዶ ነው፤ ለባክቴሪያው ቀለብ የሚሆን ጥቂት አሞኒያ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመራል። አሞኒያ ጨምራችሁ በማግስቱ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ቤቱ እንግዳ ለመቀበል ተዘጋጅቷል። ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ዕድሜ ካለው ገንዳ አንድ ቁራጭ ድንጋይ ይለምናል። እንጀራ ለመጋገር ከጎረቤት እርሾ እንደመበደር ነው፤ ሊጡ ያው የእናንተ ነው፣ ቡኮውን የሚያስነሳው ግን የጎረቤት እርሾ ነው። እርሾ ሲበደሩ ግን የጎረቤት ችግርም አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ድንጋዩ ላይ አኒሞኒ የሚባሉ የሚነድፉ ትንንሽ የኮራል ዘመዶች ካሉ አትቀበሉ።

ዓሣ ሲገባ ውሃውን የሚያነጹ ሌሎች ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንዱ የውሃ እንቅስቃሴ ነው፤ ፓምፖቹ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ20 እስከ 40 ጊዜ የሚያንቀሳቅሱ መሆን አለባቸው። ኮራል ሄዶ አይበላም፣ ሄዶም አይጸዳዳም፤ ሁለቱንም የሚያደርግለት የውሃው ሞገድ ነው። ሌላው ስኪመር የሚባለው መሣሪያ ነው። ሥጋ ሲቀቀል ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደምትገፍፉት፣ ይህም በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችን ወደ ውሃው እየለቀቀ ቅባትና ፕሮቲን ሲጣበቅባቸው ወደ ላይ ይገፋል። ጽዋው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ የቆየ ሻይ ይመስላል፤ ሽታውን ግን አልገልጸውም። ያ ሁሉ ወደ ናይትሬት ከመለወጡ በፊት የወጣ ዕዳ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገንዳው ያስቀይማል። በመጀመሪያ አሸዋው ላይ ቡናማ ሽፋን ይወጣል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር፣ ከዚያ ሌላ ነገር። ሰው ደንግጦ መድኃኒት ይገዛል። አትግዙ። ቀንድ አውጣዎችና ትንንሽ ሸርጣኖች ይግቡ፣ መብራቱ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አይብራ፣ በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ ይቀየር። ናይትሬትንና ፎስፌትን ፈጽሞ ዜሮ ለማድረግ መሮጥም አደጋ አለው፤ ሁሉም ሲራብ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ንፍጥ መሰል ነገር ሜዳውን ይወርሳል፣ ከአረንጓዴውም ይልቅ እሱን ማጥፋት ይከብዳል። ድንጋዩ ላይ ወይን ጠጅና ሐምራዊ ቅርፊት መታየት ሲጀምር ክፉው ጊዜ አልፏል።

አጥንት የሚሠራበት ሂሳብ

ቀጥሎ ያለው ከሁሉ የማይገባ የሚመስል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ካልሲየሙን ሁሉም ያውቀዋል። ካርቦኔቱን የምንለካው ግን አልካሊነት በሚባል ቁጥር ነው፤ በአጭሩ ውሃው አሲድን ለመቋቋም የያዘው ስንቅ ነው። መለኪያው ዲኬኤች ይባላል። የባሕር ውሃ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ሲኖረው አልካሊነቱ ሰባት ዲኬኤች ገደማ ነው።

ኮራል ሁለቱን በቋሚ ተመን ይወስዳል። 20 ሚሊግራም ካልሲየም ባነሳ ቁጥር 2.8 ዲኬኤች አብሮ ይሄዳል። አሁን ሁለቱን ሂሳቦች ጎን ለጎን ተመልከቱ። ከ420 ላይ 20 ቢጎድል የሚያስተውል የለም። ከሰባት ላይ 2.8 ሲጎድል ግን ግማሹ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ካልሲየሙ ባንክ ያለ ገንዘብ፣ አልካሊነቱ ኪስ ያለ ሳንቲም ነው፤ መጀመሪያ የሚያልቀው የኪሱ ነው። ጀማሪ ካልሲየም እየለካ «ሁሉም ደህና ነው» ሲል ኮራሉ ከጫፉ መንጣት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለካ የሚል ሰው አልካሊነትን ይለካ።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ እለካለሁ። አምስት ሚሊሊትር የገንዳ ውሃ በሲሪንጅ ወደ ትንሽ ብልቃጥ፣ ከዚያ መለኪያው ፈሳሽ በጠብታ። የመጀመሪያው ጠብታ ውሃውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ሁለት፣ ሦስት፣ እየነቀነቁ አራት፤ ሰማያዊ ነው። ሰባተኛው ላይ ትንሽ ያመነታል። ስምንተኛው ሲወድቅ ድንገት ቢጫ ይሆናል። ስምንት ጠብታ፣ ስምንት ዲኬኤች። ባለፈው ሳምንትም ስምንት ከነበረ ቡናዬን በሰላም እጠጣለሁ። ከሰባት እስከ አሥር ያለው ሁሉ ያኖራል፤ ዛሬ ሰባት፣ ነገ አሥር መሆን ግን አያኖርም።

የሚጎድለው የሚተካው ደግሞ ከጓዳ በሚገኝ ነገር ነው፤ በቤኪንግ ሶዳ። በ200 ሊትር ውሃ ላይ ስድስት ግራም ቤኪንግ ሶዳ አልካሊነትን በአንድ ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ በአንድ ቀን ከአንድ ዲኬኤች አይበልጥም። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ ጣሳውን ሳታነቡ አትጨምሩ። ለካልሲየሙ ካልሲየም ክሎራይድ በሌላ ሰዓት ይገባል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ከተደባለቁ ነጭ ጭቃ ሆነው ይረጋሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጥንታዊ ዘዴም አለ፤ ጀርመኖች ካልክቫሰር ይሉታል፣ ትርጉሙ የኖራ ውሃ ነው። ንጹሕ ኖራ በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ፣ ዝቃጩ ሲቀመጥ ጥርት ያለው ከላይ ተቀድቶ፣ ለሚተነው ውሃ ምትክ ሌሊት በጠብታ ይገባል። ያ የሦስት ሊትር ጉድለት ማዕድን ማስገቢያ በር ሆነ ማለት ነው። የኖራ ውሃ ኃይለኛ ስለሆነ ግን በአንድ ጊዜ ከተደፋ ሁሉንም ይጨርሳል።

ዓሣው፣ መርዙ፣ ፈቃዱ

ስለ ዓሣ ብዙ አልልም። በ200 ሊትር ውስጥ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። ብርቱካናማውና ነጩ ክላውን ፊሽ ጠንካራ ነው፤ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገም ስለሚገኝ ከባሕር የተያዘ መግዛት አያስፈልግም። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚፈለፈሉት። ከጥንዶቹ ትልቋ ሴት ትሆናለች፤ እሷ ከሞተች ባልየው ራሱ ሴት ይሆንና ከታናናሾቹ አንዱ ባል ይሆናል። ሰማያዊው ታንግ በሱቅ ውስጥ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። አዲስ ዓሣ ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት በተለየ ገንዳ ይቆይ። ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ጥገኛ ተባይ አንዴ ከገባ የሚያክመው መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ስለ አደጋው ግን ዝም ማለት አልችልም። ዞአንቲድ የሚባሉት፣ እንደ አበባ ምንጣፍ የሚዘረጉት ውብ ኮራሎች፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከታወቁት እጅግ ብርቱ መርዞች አንዱን ይይዛሉ። ድንጋይ ለማጽዳት ብለው ቀቅለው እንፋሎቱን የተነፈሱ ቤተሰቦች በሙሉ ሆስፒታል ገብተዋል። ከገንዳ የወጣ ድንጋይ በፍጹም አይቀቀልም፣ በፈላ ውሃም አይታጠብም። ኮራል ሲቆረጥ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ። ሌላው ክብደት ነው፤ 200 ሊትር ከድንጋዩና ከማስቀመጫው ጋር 300 ኪሎ ይጠጋል፤ ለቴሌቪዥን የተሠራ ጠረጴዛ አይችለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተቆልምሞ ይውረድ፤ በሽቦው ላይ የሚወርደው ጠብታ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ባለ ድንጋይ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሲቲስ ስምምነት አባሪ ሁለት ውስጥ ናቸው፤ ድንበር የሚሻገሩት በፈቃድ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት፤ ጉዳዩን የሚይዘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ኢላት ለሽርሽር የምትሄዱ ወገኖችም ከባሕሩ ዳር ቁራጭ ኮራል ማንሳት በእስራኤል ሕግ ክልክል መሆኑን እወቁ። ከሰው ገንዳ የተቆረጠ ቅርንጫፍ መግዛት ለሕጉም፣ ለባሕሩም፣ ለኪስም ይሻላል። የሰለቻችሁን ደግሞ ወደ ባሕር አትልቀቁ። ካውለርፓ የተባለው የአኳሪየም አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ላይ፣ ከውቅያኖስ ሙዚየሙ ሥር በሜድትራኒያን ባሕር ታይቶ ከዚያ ብዙ ዳርቻ አልብሷል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ወዳጅ ካለ ችግሩ የእኛ ተቃራኒ ነው፤ ከማሞቂያ ይልቅ ማቀዝቀዣ ይገዛል። አዲስ አበባ ላይስ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ዓሣው ከተባለው ቁጥር ይቀነስ፣ የውሃው ገጽም ሁልጊዜ በፓምፕ ይናጥ። ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። መብራቱና ማሞቂያው ለጥቂት ሰዓት ቢጠፉ ኮራል አይሞትም፤ ፓምፑ ሲቆም ግን ያው ቀድሞውኑ ያነሰው ኦክስጅን ማለቅ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚያፍነውም ትልቁን ዓሣ ነው። ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚነሳ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አለ፤ እዚህ ዋጋው ከአንድ ክላውን ፊሽ ብዙም አይበልጥም።